አሥራ አንደኛው ጠርሙስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምሥራቅ ቆላ ውኃ ምርመራ ማዕከል ሠራተኞች ጫማቸውን ደጅ ያወልቁና አዳራሹ ውስጥ በተነጠፈው ሰሌን ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ በግራ አፍንጫ ይተነፍሳሉ፤ ቀጥሎ በቀኝ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አድራጊው እኔ አይደለሁም» ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ። ሲያበቁ በነጭ ካልሲ፣ ኮቴያቸው ሳይሰማ፣ ወደየጠረጴዛቸው ይሄዳሉ።

ኢፍቱ አብዱሮ ይህን ማድረግ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት፣ ሥራዋ የድሬዳዋን የቧንቧ ውኃ መመርመር። በቀን አርባ ጠርሙስ ይቀርብላታል። በእያንዳንዱ ውስጥ የተለካ ዱቄት ትጨምራለች፣ ትንጠዋለች፣ ቀለሙ እስኪወጣ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ያየችውን ቀለም፣ ቀለማት ከፈዛዛ ወደ ደማቅ በተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ፣ በጣቷ ትነካለች። ጠርሙሱ በጠረጴዛው ማዶ ባለው ቀዳዳ ይወርዳል። የት እንደሚሄድ አታውቅም። ከየት እንደመጣም አታውቅም፤ ጠርሙሶቹ ላይ ስም የለም።

ድሮ ስም ነበረ። ኢፍቱ ገና ወጣት ሳለች በየጠርሙሱ ላይ የሰፈሩ ስም ይጻፍ ነበር። ያኔ የሰፈር ሹሞች ስልክ ይደውላሉ፤ የሆቴል ባለቤቶች ሙክት ይልካሉ፤ አንድ ባልደረባዋን እንዲያውም የፋብሪካ ዘበኞች መንገድ ላይ ጠብቀው ጥርሱን አራገፉት። ከዚያ ትምህርቱ መጣ። ከህንድ የመጣ፣ ሺህ ዓመታት ያስቆጠረ ትምህርት ነው ተባለ። ኒሽካማ ካርማ ይሉታል፤ ሰው ድርሻውን በሙሉ ልቡ ይሠራል፣ የሥራውን ፍሬ ግን ይለቃል። ባንኮቹ ተቀበሉት፣ ሆስፒታሎቹ ተቀበሉት፣ ባቡሩ ተቀበለው። እውነቱን ለመናገር፣ ጠቀመ። ስሙ ከጠርሙሱ ላይ ሲነሣ ስልኩም ሙክቱም አብሮ ቀረ። ኢፍቱን ለዓመታት ያሠቃያት የጨጓራ ሕመም እንኳ ለቀቃት።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አሥራ አንደኛው ጠርሙስ ቀላ።

ዱቄቱ ውኃው ውስጥ ናይትሬት ሲያገኝ ይቀላል። ትንሽ ከሆነ ፈዘዝ ያለ፣ ከበዛ ሮዝ፣ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ የተጨመቀ ሮማን ይመስላል። ይሄኛው ሮማን ነበር። ባለፈው ማክሰኞም አሥራ አንደኛው ሮማን ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ማክሰኞዎችም እንዲሁ። መኪናው የሚዞርበት መንገድ አይለወጥም፤ ጠርሙሶቹም የሚደረደሩት በተቀዱበት ተራ ነው። ስለዚህ አሥራ አንደኛው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ይህን ለማወቅ ስም አያስፈልግም።

አንጓዋ ላይ ያለው አምባር ሞቅ አለ። የሰው ልብ ሲፈጥን አምባሩ ይሞቃል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሞቀ ባለቤቱ ይጠራል። ኢፍቱ በግራ አፍንጫዋ ሳበች፣ በቀኝ አወጣች፣ የመጨረሻውን ቀለም ነካች። ጠርሙሱ ወረደ። እሷ ግን መጠርጠሯን አልተወችም፤ ቀስ ብላ እየተነፈሰች ጠረጠረች። ሰው በእርጋታም ሊጠረጥር እንደሚችል ያወቀችው በዚያ ወር ነው።

ከሥራ ስትወጣ ልጇን ሒክማን ልትጠይቅ ሐዲድ ሰፈር ሄደች። ሒክማ ከወለደች ሁለት ወር ከሳምንት ሆኗታል። ጡቷ ወተት አልያዘምና ሕፃኗ የምትኖረው በጡጦ፣ በዱቄት ወተት ነው። ስሟ ነኢማ ነው።

ኢፍቱ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«እማ፣ ተቀመጪ እንጂ! ምን ቆመሽ ትመረምሪያታለሽ? ውኃ መሰለችሽ እንዴ?» አለች ሒክማ እየሳቀች።

የሕፃኗ ከንፈር ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ የበሰለ በለስ ልጣጭ ዓይነት። ጥፍሮቿም እንደዚያው።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ከንፈሯ።»

«እሱማ ሳምንት ይሆነዋል። ሐሙስ ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ነርሷ አየቻት፣ መዘገበቻት፣ ሸኘችን። የረጋች ልጅ ነች አለችኝ።»

«አታለቅስም?»

«ምን ታለቅሳለች፣ ትተኛለች እንጂ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀንቶብኛል።»

«ውኃውን ታፈያለሽ?»

«ሁለቴ ነዋ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ?»

አዎ፣ ያስተማረቻት እሷ ናት። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ናይትሬት ግን ጀርም አይደለም፤ ውኃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃው በፈላ ቁጥር ናይትሬቱ ይወፍራል። ሒክማ ልጇን ከሰው ሁሉ አብልጣ ስለተጠነቀቀችላት፣ ከሰው ሁሉ የከፋውን ውኃ እያጠጣቻት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ብቻ። ላይሆንም ይችላል።

ኢፍቱ ምን ልትላት ትችላለች? ይህን ውኃ ተዪ ብትላት፣ የትኛውን ትተካላት? ቧንቧው ሁሉ የተመረመረ ነው ተብሎ የታሸገ ውኃ ከከተማው ገበያ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ከራሷ ቤት ቀድታ ልታመጣ ትችላለች፤ ግን አሥራ አንደኛው ጠርሙስ የራሷ ቤት ቧንቧ እንዳልሆነ በምን ታውቃለች? ናይትሬት ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። ከዚህ ቀድታ ሄዳ እንዳትመረምረው፣ ዱቄቱ ለአርባ ጠርሙስ አርባ ሆኖ ነው የሚመጣው።

«ሪፈራል ሆስፒታል ብትወስጃትስ?»

«ምን ሆነች ብዬ? እርግጠኛ ነሽ መታመሟን?»

ኢፍቱ ድሮ ቢሆን ሕፃኗን ነጥቃ ትሮጥ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን የድንጋጤዋን እጅ ስታስር ኖራለች።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አለች።

«እንግዲያው ሥራሽን ይዘሽ ቤቴ አትምጪብኝ፣ እማ። መጠርጠርም እኮ አለመልቀቅ ነው። ይህንንም አንቺ ነሽ ያልሽኝ።» ሒክማ ልጇን ተቀበለቻትና ጀርባዋን መታ መታ ታደርግላት ጀመር። ኢፍቱ ስትወጣ ምድጃው ላይ ያለው ውኃ ለሁለተኛ ጊዜ መንተክተክ ጀምሮ ነበር።

በማግሥቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ ኢፍቱ ወደ ግቢው ወረደች። ውኃ የሚቀዱት ሾፌሮች ኒም ዛፍ ሥር ይበላሉ፤ መርማሪዎቹ ፎቅ ላይ። ቀጂው ቦታውን ያውቃል፣ ቀለሙን አያይም። መርማሪዋ ቀለሙን ታያለች፣ ቦታውን አታውቅም። ሁለቱ ስለ ሥራ እንዳያወሩ የሚከለክል የተጻፈ ሕግ የለም፤ ብቻ ማንም አያወራም።

የማክሰኞው ሾፌር ጉሌድ ይባላል። ሠላሳ አምስት የሚሆነው፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ወሬኛ ሰው ነው። ሳምቡሳ ይዞ ተቀምጧል።

«አቦ ኢፍቱ! ዛሬ በዚያ ነጭ ካልሲሽ ወደ እኛ አፈር ወረድሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ሚስት ልትፈልጊልኝ ካልሆነ አትጠይቂኝ።»

«ማክሰኞ፣ አሥራ አንደኛውን ጠርሙስ ከየት ነው የምትቀዳው?»

ሳምቡሳው አፉ ሳይደርስ ቆመ። ጉሌድ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ አምባሯን አየ።

«የርጋታ ፈታኝ አደረጉሽ እንዴ?»

«ምን?»

«ሾፌሩን አብዲንም እንዲህ ነው የጠየቁት፤ በጨዋታ መሐል። ‹ውኃው እንዴት ይመስልሃል?› አለው አንዱ። አብዲም የዋህ፣ የመሰለውን ተናገረ። እስኪረጋ ድረስ ሦስት ወር ትንፋሽ ክፍል አስቀመጡት። አሁን ቀልድ ስትነግሪው ያመሰግንሻል።»

«እኔ ፈታኝ እመስላለሁ?»

«ፈታኝ፣ ፈታኝ ከመሰለ ማንን ይፈትናል?» ተነሥቶ ሽርጡን አራገፈ። «የኔ ድርሻ መቅዳትና መንዳት ነው። ወላሂ ከዚያ ወዲያ አልቆጥርም።»

ሄደ፤ ግን ከመኪናው ዘንድ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት፤ ሰው ከሚያየው በላይ ረዘም አድርጎ። ይናገርብኛል አለች ኢፍቱ በልቧ። አምባሩ ሞቀ። ፎቅ ስትደርስ ደግሞ ሞቀ። ጠረጴዛዋ ላይ ስሟ በሰማያዊ በርቶ ጠበቃት፤ ወደ መምህርቷ ክፍል ተጠርታለች።

መምህርት ሳሮጅ መህታ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። አያቷ የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ከጉጅራት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሷም ድሬዳዋ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ሴት ናት። ትምህርቱ ወደ ማዕከሉ ሲገባ ያስገባችው እሷ ነች፤ በየጠዋቱ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማውም የእሷ ድምፅ ነው። ኢፍቱ ስትፈራት ኖራለች።

«ተቀመጪ። አምባርሽ ሲረብሽ ዋለ አሉኝ።»

«ጉሌድ ነው የነገረዎት?»

«ጉሌድ ደግሞ ማነው?»

ኢፍቱ ምላሷን ነከሰች። ያልተጠየቀችውን ስም ሰጥታለች።

«አይዞሽ፣ አልጽፈውም» አለች አሮጊቷ። «ምንድን ነው ያየሽው?»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ስለዚህ ኢፍቱ ወጥመድ ነው አለች በልቧ።

«ያየሁትን ለቅቄዋለሁ፣ ቲቸር።»

«ውሸታም። የለቀቀ ሰው አንገቱ እንዲህ አይገተርም። ተናገሪ አቦ፤ ቢበዛ ምን አደርግሻለሁ? አሮጊት ነኝ።»

ኢፍቱ ተናገረች። አራቱን ማክሰኞ፣ የሕፃኗን ከንፈር፣ ሁለቴ የሚፈላውን ውኃ ተናገረች። ስትጨርስ አሮጊቷ ከአጠገቧ ያለውን የውኃ ማሰሮ ከራሷ ገፋ አደረገችው።

«አባቴ ከዚራ ሰፈር ሰዓት ጠጋኝ ነበር» አለች። «ይህን ትምህርት መጀመሪያ ያየሁት እሱ ላይ ነው። ቢያመሰግኑት፣ ቢሰድቡት፣ ሳይከፍሉት ቢሄዱ፣ ፊቱ አይለወጥም። ግን አንድም ሰዓት ጆሮው ላይ ሳያደርግ ለባለቤቱ ሰጥቶ አያውቅም። ፍሬውን ልቀቂ ማለት ምስጋናውን ልቀቂ፣ ፍርሃቱን ልቀቂ ማለት ነው። ሰዓቱ ይሥራ አይሥራ አትስሚ ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ» አለች ኢፍቱ። «በየጠዋቱ።»

አሮጊቷ መሬቱን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እኔ ሰዓቱን የሚያዳምጥ ሰው ላይኛው ፎቅ አለ ብዬ ነው» አለች። «ነይ፣ ተከተዪኝ።»

አራተኛው ፎቅ ላይ አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሰው ተቀምጠዋል። የከተማው ሁሉ ውኃ ውጤት የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። ሲገቡ በመስኮቱ ዙሪያ የደረደሯቸውን አበቦች እያጠጡ ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው ሰላም ያስቀናል።

«ውጤቱ ይደርስዎታል?» አለች ሳሮጅ።

«በየቀኑ። አንድም ቀን ሳይደርሰኝ ቀርቶ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ተቀብያለሁ ብዬ አስተላልፋለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ መዝገብ።»

«መዝገቡን የሚያየው ማነው?» አለች ኢፍቱ።

«የሚመለከተው ክፍል ነዋ።»

«የሚመለከተው ክፍል ማነው፣ አቶ ሽብሩ?»

አቶ ሽብሩ ማጠጫውን አስቀመጡ። ከልባቸው እያሰቡ ነበር፤ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። «በፊት አንድ ኢንጂነር ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ማስታወቂያ ወጣ። ግን ያ ቦታ፣ ያው፣ ውጤት ማየት የሚፈልግ ሰው ይጠይቃል። ያመለከቱት ሁሉ በርጋታ ፈተናው ላይ ወደቁ። የጣላቸው መፈለጋቸው ነው። ስለዚህ ቦታው ክፍት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስት… አይ፣ ሰባት ዓመት ይሆናል።»

ኢፍቱ አንድ ወር ሙሉ በልቧ አንድ ሰው ስትፈልግ ነበር፤ ጉቦ የበላ፣ ወረቀት የደበቀ፣ ቢያዝ የሚከሰስ ሰው። ያገኘችው አበባ የሚያጠጣ ሰው ነው። አምባሯ ክፉኛ ሞቀ። ፈታ መስኮቱ ላይ፣ ከአበቦቹ መሐል አስቀመጠችው።

«አሥራ አንደኛው የት እንደሆነ እርስዎም አያውቁም?»

«ስም የለውም እኮ» አሉ አቶ ሽብሩ በትሕትና።

ሲወጡ ሳሮጅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። «አንቺ ግን ሂጂ። ቶሎ በይ።»

ጉሌድ መኪናው ውስጥ ነበር። ኢፍቱ መስኮቱን በመዳፏ መታችው።

«ጉሌድ፣ የሚያየው ሰው የለም።»

«ምኑን?»

«ውጤቱን። አንተ ትቀዳለህ፣ እኔ እመረምራለሁ፣ ላይ ቤት ያለው ሰውዬ ተቀብያለሁ ይላል። በቃ። ከእሱ በላይ ማንም የለም። አሥራ አንደኛው ሕፃን የሚገድል ውኃ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም።»

ጉሌድ ባዶ አንጓዋን አየ። ፈታኝ አምባሩን አያወልቅም።

«ግቢ» አለ ሞተሩን እያስነሣ። ከግቢው ወጡ። ከዚያ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «የሐዲድ ሰፈር ታንከር ነው» አለ።

የሒክማ ሰፈር ነው፤ ኢፍቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ታንከሩ ከሚሞላበት ጉድጓድ በላይ የከብት ገበያ አለ። ሲዘንብ እበቱ ሽንቱ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚወርደው። ሁሌ አየዋለሁ። እኛ ቀጂዎች ግን ያየነውን የምንጽፍበት ቦታ የለንም።»

ኢፍቱ ስልኳን አወጣች። ወዲያው ለሒክማ ደወለች።

«ሒክማ፣ ነኢማን ይዘሽ አሁኑኑ ሪፈራል ሆስፒታል ሂጂ። ውኃ ነው፣ ናይትሬት ነው በያቸው። መዝግበው ሊሸኙሽ ቢሞክሩ ጩኺ። ወለሉ ላይ ተኝተሽ ጩኺ።»

«እማ… እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

የሐዲድ ሰፈር ታንከር የቆመው ከቤቶቹ በላይ፣ አቀበቱ ላይ ነው። ከሥሩ ቦኖ አለ፤ ቧንቧ ቤታቸው ያልገባ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ጉሌድ የግቢውን በር ከፈተ። ቫልቩ ከተነካ ስንት ጊዜው እንደሆነ አይታወቅም፤ ዝገቱ ሁለቱንም አደከማቸው። ጉሌድ በእግሩ ገፋ፣ ኢፍቱ በሁለት እጇ ሳበች። በመጨረሻ ዞረ። ቦኖው ተንፈቀፈቀና ውኃው ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ነክቶሽ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ከማዕከሉ ናት፣ ካልሲዋን አታዪም?»

«ይሄኔ ትንፋሽ ልታስተምረን ነው የመጣችው!»

«ልጆቼ በጥማት ይለቁ እንዴ? ክፈቺው!»

ኢፍቱ ቫልቩን እንደያዘች ዞረች። ለብዙ ሰው ተናግራ አታውቅም። «ውኃው ተመርዟል» አለች። ጩኸቱ ዋጠው፤ ደገመችው። «ሲፈላ ይብሳል። ሕፃን ያላት ይህን ውኃ አታጠጣ። ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነ ልጅ ያላት አሁን ሆስፒታል ትውሰድ፤ ይህ ሰውዬ በመኪና ያደርሳችኋል።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዲት ሴት ጀሪካኗን ጥላ ቁልቁል ሮጠች። ከዚያ ሌላዋ። ጉሌድ ሁለት ሕፃናት ከነእናቶቻቸው ጭኖ ሄደ፤ ተመልሶ ሌሎች ሦስት ጫነ። የቀሩት ኢፍቱን ከበው እኩሉ ይሰድባታል፣ እኩሉ ይጠይቃታል። አንዷማ ድንጋይ አንሥታ ነበር፤ ጎረቤቷ አስጣለቻት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ።

«ኦክስጅን አድርገውላታል» አለች ሒክማ። እያለቀሰች ነው። «ደሟ ቡናማ ሆኗል አሉኝ። መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጥተዋታል። ጮህኩ፣ እማ፤ እንዳልሽኝ ጮህኩ። አሁን ከንፈሯ መቅላት ጀምሯል። እሷም እያለቀሰች ነው፣ ስሚያት።»

ኢፍቱ ሰማቻት። ከዚያ ቱቦው ላይ ተቀመጠች።

ቀና ስትል አንዲት ሴት ፊት ለፊቷ ቆማለች። ጀሪካን አልያዘችም። ከቀትር ጀምሮ እዚያው እንደነበረች ኢፍቱ አሁን አስታወሰች፤ አልተሳደበችም፣ አልጠየቀችም።

«ማዕከሉ ይህን ያወቀው መቼ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ማዕከሉ አያውቅም።»

«አንቺስ?»

አራት ሳምንት የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሊያስምር የሚችል ቁጥር ነው። ግን አፏ ላይ እንዳለ ሌላ ቀለም ትዝ አላት፤ ሌላ ክረምት፣ ሌላ ማክሰኞ፣ ያው ሮማን። ያኔ ቀለሙን ነክታ፣ በግራ ስባ፣ በቀኝ አውጥታ ነበር። እንዴት በቀላሉ እንደለቀቀችውም ትዝ አላት። በዚያ ቀን በራሷ ኮርታ ነበር።

«ካቻምና» አለች። «ካቻምና ክረምት ላይ አይቼዋለሁ።»

«የኔ ልጅ የተቀበረው አምና በጥቅምት ነው» አለች ሴትዮዋ።

ሴትዮዋ መልስ አልጠበቀችም። ጎንበስ አለች፣ ቫልቩን በሁለት እጇ ያዘች፣ በሙሉ ክብደቷ ወደሚዘጋበት ወደ ቀኝ ገፋችው። አልዞረም፤ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። እጇን ግን አላነሣችም። አንዴ ደግማ ገፋችው።